ሽቦው አይቆረጥም

ኖላዊ ቅዳሜ አስራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ሲያዛጋ አፉ ምስር አያክልም። የእህቴ የጸደንያ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚታረሰው ተብሎ ላፍቶ እኛ ጋ መጡ፣ እና በቃ እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ የለኝም፣ እሱን ማየት ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አጥሚቱ ገንፍሎ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ፈሰሰና ሽቦው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ከሰል ደግሞ ሕፃን ያለበት ክፍል አይገባም። እማዬ በረንዳ አውጥታ አያይዛ ገንፎ ስትጀምር ዝናብ አጠፋባት። ጸዲ ግማሹ ጥሬ የሆነ ገንፎ በላች።

ባሏ ይሄን ለእናቱ ነገራቸው። ምን አስነገረው? እትዬ ፀሐይወርቅ ወዲያው ከመካኒሳ ለእማዬ ደወሉ።

"አምሳልዬ፣ አራስ በጥሬ ገንፎ አትታረስም። አስር ሰዓት እመጣለሁ። ምድጃው ካልተሠራ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ።"

እማዬ "ይሠራል" አለችና ስልኩን ዘጋች። ምድጃ ጠጋኙ ደግሞ "ሰኞ ነው የምመጣው" ብሏታል።

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

"አንቺ አምፖል ስትቀይሪ ወንበር የሰበርሽው?"

ወንበሩ ድሮም የተሰበረ ነበር። ለማንኛውም ወረድ ብሎ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው መሐሙድ ጋ ሮጥኩ።

"የምድጃ ሽቦ።"

"የቱ ምድጃ?"

"የኛ።"

"የናንተን እኔ በምን አውቀዋለሁ፣ ሚጣ? የድሮውን አምጪ።"

"ጣልኩት። ባለ አንዱ ነው፣ ክቡ፣ ሸክላ ያለው።"

አንድ ትንሽ ጥቅል ሽቦ ሰጠኝ፣ ስንዝር አታክልም። "በክር ለክተሽ..." ሲል እኔ መንገድ ላይ ነኝ።

ስፒናውን ነቅዬ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ፣ የሸክላውን ቦይ በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ። ከዚያ ሽቦውን በሁለት እጄ እንደ ማስቲካ ሳብኩት። ተሳበ፣ ተሳበ፣ እና ቦዩን ሁሉ ዞሮ ተረፈ። የተረፈውን በፒንሳ ቆረጥኩት። ምን አለበት? ቀሚስ ሲረዝም ይቆረጣል አይደል።

ሰካሁት። ሽቦው ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካን ሆነ፣ ከዚያ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ የግቢው መብራት ጠፋ። ግቢያችን ለአራት ቤት አንድ ቆጣሪ ነው።

"ማነው?" አለ ጎረቤታችን ጌቱ ከጎን ክፍል። "ሸሚዜ ሊተኮስ አንድ እጅጌው ቀርቶታል እኮ።"

"ትንሽ ታገሰኝ፣ ጋሼ ጌቱ።"

"አንድ እጅጌ ለብሼ ሠርግ ልሂድ?"

ብሬከሩን እሱው መለሰው። የኔ ሽቦ ግን መሃሉ ቀልጧል። ስምንት ሰዓት ሆኗል። ቅሪቱን ይዤ ተመለስኩ። መሐሙድ አየውና ሳቀ።

"ቆረጥሽው?"

"ረዘመብኝ።"

"የሚሠራው እኮ በርዝመቱ ነው። ስታሳጥሪው ብዙ ኃይል ይስባል፣ ከዚያ ይኼው። አይቆረጥም፣ እሺ? ቦዩን በክር ለኪና ሽቦውን ክሩን እስኪያክል ብቻ ሳቢ። ቀስ ብለሽ፣ እኩል እኩል።"

አዲስ ጥቅል ገዝቼ መጣሁና ክሩን ከጸዲ ጋቢ ጫፍ መዘዝኩ፣ ቦዩንም ለካሁበት። ሽቦውን በሩ ላይ ካለው ምስማር አንጠለጠልኩ፣ ጸዲ አልጋዋ ላይ ሆና ኖላዊን እያጠባች በአንድ እጇ ክሩን ያዘች።

"ቀረሽ" አለች። "ትንሽ። ትንሽ። በቃ።"

ሽቦውን ቦዩ ውስጥ እያስገባሁ ሳለ እትዬ ፀሐይወርቅ ገቡ። ዘጠኝ ተኩል ነው። ትልቅ ቦርሳ ይዘዋል።

"ማነው የሚሠራው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሌላ ሰው የለም?"

"ሌላው ሰኞ ነው የሚመጣው" አለች እማዬ።

ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውንም አላወለቁም። ሁለቱን ጫፎች አሰርኩ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ጸዲ ብትሄድ መካኒሳ ቅርብ ነው ይላሉ፣ ግን እኔ ስነቃ ኖላዊ አጠገቤ የለም ማለት ነው።

ሰካሁት።

ከዳር ጀምሮ ቀላ። ሙሉውን ዞረ። እዚያው ቀይ ላይ ቆመ። ከጎን ክፍል ጌቱ "ጨረስሽ ወይስ ልጠብቅ?" አለ።

እማዬ ገንፎውን አገነፋች። እትዬ ፀሐይወርቅ በማንኪያ ቀመሱ፣ ደግመው ቀመሱ።

"በስሏል" አሉ። "ቃሌ ቃል ነው፣ አልወስዳቸውም።"

ጸዲ አለቀሰች፣ አራስ ናት በሁሉም ነገር ታለቅሳለች። እኔ ዘልዬ ሳምኳቸው። እሳቸው ግን ቦርሳውን ከፈቱ። የሌሊት ልብስና ነጠላ ጫማ አወጡ።

"እንግዲህ ኖላዊ ካልመጣ እኔ እዚህ ነኝ። እስከ ክርስትናው።"

"የት ይተኛሉ?" አልኩ።

እማዬ አየችኝ። አንድ አልጋ ብቻ ነው የቀረው፣ የኔ።

ይሄው አራተኛ ቀኔ መሬት ፍራሽ ላይ ነኝ። ሴትየዋ ምድጃውን ከኔ በቀር ሰው አያስነኩም። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን "ሚጣ፣ ተነሺ፣ ውሃ ጣጂ" ይሉኛል፣ እጥዳለሁ። ክርስትናው አስራ ሰባት ቀን ቀርቶታል።