ድንጋዩን ማን ያውርድ

አብዱሰላም ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርዶ አንገቱን አሻሸ። «ይቅር የምትሉኝ ከሆነ ቶሎ በሉኝ! ወላሂ፣ አንገቴ ሊገነጠል ነው።»

አስተማሪዎቹ ለወላጆች በዓል ቴአትር እየተለማመዱ ነበር። ደራሲው ይልማ ነው። አብዱሰላም የጭሰኞችን ማሳ እያየ ለባላባቱ የሚገባውን እህል የሚወስነውን ገማች፣ እቴነሽ ደግሞ የተበደለችውን መበለት ይጫወታሉ። ሮቢት ውስጥ የባላባቱ ገማች ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፦ የእቴነሽ አባት ሽፈራው ነው።

«ገማቹን ባለፈው ሳምንት በጅብ አስበላኸው፤ ዛሬ መልአክ አደረግኸው» አለች እቴነሽ።

ይልማ ወረቀቱን ወረወረ። «አባቴ ሰው ነው ብለሽ ያለቀስሽብኝ አንቺ አይደለሽ? ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ሌላ አልጽፍም!»

«ሰው ነውማ። ወባ ሲጥለኝ ከቀወት እስከ ሐኪም ቤት አዝሎኛል። በዚያው ዓመት የጭሰኛዋን የሙሚናን ማሽላ ወፍ ሲጨርሰው፣ ከግምቱ አንድ ቁና አልቀነሰላትም። ሁለቱም እሱ ነው።»

«እሺ፣ ሁለቱንም እጽፋለሁ። መጨረሻው ግን አይነካም፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ሽማግሌዎቹ አውርድ ይሉታል፣ አለቀ!»

«የትኛው አገር ነው ሽማግሌ የሚያስወርደው? ይቅር ብሎ የሚያስወርደው የተበደለው ነው።»

ይልማ የወረወረውን ወረቀት አነሣ። «እንግዲያው አንቺ አስወርጂው» አላት። «ነገ አባትሽ ከፊት ነው የሚቀመጡት። አንድ ቃል ካልሽ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይወጣሉ።»

እቴነሽም በዚያ ሌሊት የፈለገችው ይህንኑ ነበር፦ ያን አንድ ቃል ማለት።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ገማቹን ሊራገም ተዘጋጅቶ መጣ፤ ክፉ ሰው ሁልጊዜ ጥርሱን እያፋጨ የሚመጣ ይመስል። አብዱሰላም ግን መድረኩ ላይ ለመበለቲቱ ልጅ ኪኒን ሰጠ፣ ግንባሩንም ዳሰሰ፤ ከዚያ ወጥቶ የማሳዋን እህል እጥፍ አድርጎ ገመተ። ሽፈራው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

በመጨረሻ አብዱሰላም ድንጋዩን ተሸክሞ እቴነሽ እግር ሥር ተንበረከከ። «ይቅር በይኝ።»

አባቷ ዐይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ከወንበሮቹ ኋላ ሙሚና የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቆማለች።

«በይው እንጂ!» አለ አብዱሰላም በሹክሹክታ።

እቴነሽ ከአባቷ ላይ ዐይኗን አንሥታ ወደ ሙሚና ተመለከተች።

«የተበደለችው እኔ አይደለሁም» አለች። ከዚያ አብዱሰላምን ከነድንጋዩ ትታ፣ የመጋረጃውን ገመድ ራሷ ሳበች።