ጤነኛው በእግሩ ይሂድ

እኔ ኩዋባራ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአውቶብስ ሹፌር ነበርኩ። በጃፓን የሺኮኩ ደሴትን ሰማንያ ስምንት ቤተ መቅደሶች የሚሳለመውን ስንቱን ሰው ደጃፍ ድረስ አድርሻለሁ። የራሴ ተራ ሲደርስ ግን በመኪና መሳለም የሰነፍ ነው ብዬ አረፍኩት። ሚስቴ ሂሳኖ ከሞት አፋፍ ስትመለስ፣ ዙሪያውን በሙሉ በእግሬ ልሄድላት ተሳልኩ። ስለቱን በሆዴ ብይዘው ምን ነበረበት? ለሰፈሩ ሁሉ ለፈፍኩት። ሂሳኖ ብቻ ሳቀችብኝ። ሱቅ ለመሄድ እንኳ ሞተር የሚያስነሳ ሰው አለችኝ። ነጩን የተሳላሚ ሸሚዝ ግን ራሷ ተኮሰችልኝ። እኔም አፌን ሞልቼ ብናገርም ውስጤን ፍርሃት ይዞት ነበር፤ አንዲት ፌርማታ ብሳፈር በሽታው የሚመለስባት ይመስለኝ ነበር።

ሆዴ የተበላሸው በቶሳ፣ ያ ማለቂያ የሌለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ለተሳላሚ የተሰጠ ነገር አይመለስም። ሰጪው የሚሰጠው ለአንተ ሳይሆን በመንፈስ አብሮህ ለሚጓዘው ለታላቁ መምህር፣ ለጥንቱ ቅዱስ መነኩሴ ነው፤ የያዝከው ምርኩዝም መምህሩ ራሱ ነው። እናም በየደጁ አሮጊቶች መንደሪን ይዘው ይጠብቁኛል፤ የተድቦለቦለ ሩዝ ይዘው ይጠብቁኛል። ሆድ ካገር ይሰፋል ይላሉ። የእኔው አንዲት መንደሪን አልችል ብሎ አመፀ። በመጨረሻ ከሩቅ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ሳይ አጥር ሥር መደበቅ ጀመርኩ። ከደግ ሰው የሚሸሽ ተሳላሚ እኔን አየሁ።

ድልድይ ላይ ምርኩዝ ወለሉን አይነካም። መምህሩ አንድ ጊዜ የሚያሳድረው አጥቶ ድልድይ ሥር አድሯል፤ ዛሬም ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል አይቀሰቀስም። እኔ ግን አንዱ ድልድይ ጋ ስደርስ ቀጥ ብዬ ወደ ሥር ወረድኩ፤ ሆዴ ጊዜ አልሰጠኝም። ቁጢጥ እንዳልኩ የተሳላሚዎች ኮቴ ከላይ መጣ። ድልድዩን ሲረግጡ ምርኩዛቸውን አነሱ፤ ወሬያቸውንም ዝቅ አደረጉ። ለመምህሩ ክብር ነው። ከሥር ያለሁት ግን እኔ ነኝ፣ ሱሪዬን ይዤ። እንዲያ ተከብሬ አላውቅም።

ወጥቼ መንገዱ ዳር ስደርስ ወደቅኩ፤ ትኩሳቱም ያንቀጠቅጠኛል። እዚያው ተዘርግቼ ሳለሁ አንዲት ትንሽ የዓሣ መጫኛ መኪና ቆመች። የምትነዳው ቶሚየ የምትባል ሴት ናት፤ አጠገቧ አማቷ እማማ ኪኑ ተቀምጠዋል። ቶሚየ ግንባሬን ነካ አድርጋ ጤና ጣቢያ ካልወሰድኩህ አለች። እኔ ደግሞ በዚያ ሁኔታዬ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው አልኳት።

እማማ ኪኑ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ።

"ግባ። የመንገድ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ አይመለስም።"

"እማማ፣ ለሚስቴ ጤና በእግሬ ልሄድ ተስያለሁ። ከተሳፈርኩ…" አልኩ። ያ ሁሉ ጉራ እንባ ሆኖ ወረደ።

አሮጊቷ አላባበሉኝም። ባርኔጣዬ ላይ ወዳለው ጽሑፍ ጠቆሙ። "ምን ይላል?"

"ሁለት ሆነን እንጓዛለን ይላል፤ እኔና መምህሩ።"

"እንግዲያው አንዳችሁ ታሟል። ጤነኛው በእግሩ ይሂድ።"

ምርኩዜን ከእጄ ወሰዱ። ጋቢናው የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፤ እሳቸው የተቀመጡበት ላይ እኔን አስገቡኝ። መኪናዋ ስትነሳ በመስተዋቱ አየኋቸው፤ ምርኩዜን ይዘው በመንገዱ ዳር ቀስ እያሉ ይመጣሉ።

ጤና ጣቢያ ጉሉኮስ ሰቀሉልኝ። ከዚያ ቶሚየ ቤቷ ወሰደችኝና የሩዝ አጥሚት አጠጣችኝ፤ ቤቱም እዚያው የተሳላሚው መንገድ ላይ ነው። አማቷ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ገበያ እንኳ ያለ መኪና እንደማይሄዱ የነገረችኝ አጥሚቱን ስጨርስ ነው። ከዚያ በኋላ መተኛት አቃተኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳሳፍር ኖሬ፣ አንዲት አሮጊት ከወንበራቸው አስነስቼ በእግር ሰደድኩ። ደጃፍ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተቀምጬ መንገድ መንገዱን አይ ጀመር። እኔ ስለቴን እንዳልሰብር እሳቸው ጉልበታቸውን ሊሰብሩ ነው እያልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ። አቧራ ለብሰዋል፤ ያንዱ እግራቸው ቁርጭምጭሚት አብጧል። ምርኩዙን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"ይኸው ጓደኛህ። አንዲት እርምጃ አልተሳፈረም። ድልድዮቹ ላይም አንስቼዋለሁ።"

"መምህሩ እንዳይነቃ?" አልኳቸው።

"ሥሩ ማን እንዳለ በምን ይታወቃል፣ ልጄ? የታመመ ሰውም ሊኖር ይችላል" አሉኝ። ያወቁብኝ መሰለኝ፤ ፊቴ እሳት ሆነ።

ማደሪያ ሲደርስ ተሳላሚ ከራሱ እግር በፊት የምርኩዙን ጫፍ ያጥባል። ቶሚየ በገንዳ ውሃ አመጣችልኝ። ምርኩዙን አጠብኩት፣ ጭቃው እስኪለቅ ድረስ። ከዚያ ገንዳውን ገፍቼ እማማ ኪኑ እግር ሥር አደረግኩት። አፍረው እግራቸውን ሰበሰቡ።

"የመንገድ ስጦታ ነው፣ እማማ" አልኳቸው። "ስጦታ ደግሞ አይመለስም።"

እማማ ኪኑ ያበጠውን እግራቸውን ቀስ አድርገው ውሃው ውስጥ ነከሩት።