የእትዬ ወርቂቱ ጭስ

ጨፌ ሜዳ ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ከሣር በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር በሌለበት ገላጣ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። ቤቶቿ ተጠጋግተው ነው የቆሙት፤ ነፋሱ ሌላ ምርጫ አልሰጣቸውም። እዚያ ያስነጠሰ ሰው ከወዲያኛው ቤት «ይማርህ»፣ ከወዲህኛው «የርሐሙከላህ» ይባላል።

በዚያ ሐሙስ ግን የሚያስነጥስም የሚመርቅም አልነበረም። ከከተማ ባለሙያ መጥቶ፣ የሰዉን ብዛት አይቶ፣ መንደሯ የውሃ ቦኖ ይገባታል አይገባትም የሚለውን ሊወስን ቀጠሮ ተይዟል። የመንደሩ ተጠሪ ንጉሡ «ሐሙስ ማንም ከቤቱ ንቅንቅ እንዳይል!» እያለ ሲጮህ ነው የሰነበተው። ሐሙስ ማለዳ፣ ሜዳው ከሚያልቅበት አፋፍ ማዶ ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት ሸህ አብዱልጀሊል ማረፋቸው ተሰማ። ከሁሉ ቀድሞ ጋቢውን አጣፍቶ የሮጠው ያው ንጉሡ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ተከተለው። ሸሁ ያልመረቁት ልጅ፣ ዱዓ ያላደረጉለት በሽተኛ የለማ! ለቅሶ የቀረ ሰው በማግስቱ በምን ዓይኑ ሰው ያያል?

የቀሩት እትዬ ወርቂቱ ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው ዳገት ቁልቁለቱን እምቢ ካለ ቆይቷል። ቦኖውን ከማንም በላይ የሚመኙትም እሳቸው ናቸው። ምንጩ ያለው ከአፋፉ ሥር ነው። ጎረቤታቸው ዓሊማ ከራሷ ቀንሳ የምታመጣላቸውን ውሃ በጠጡ ቁጥር ያፍራሉ። ገላቸውን በወጉ ከታጠቡማ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው እንጃ፤ ይህን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ረፋዱ ላይ ከሜዳው ዳር የሞተር ሳይክል አቧራ አዩ።

«ጉድ ፈላ! ባዶ መንደር አይቶ ሊመለስ ነው!»

ጭስ የማይወጣው ቤት ሰው የሌለው ቤት ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። እትዬ ወርቂቱ ከምድጃቸው ፍም በገል ጫሩ፣ እርጥብ ኩበት በነጠላቸው ቋጠሩ፣ ምርኩዛቸውን እንኳ ረስተው ቤት ለቤት ዞሩ። በየምድጃው አቀጣጠሉ፤ ማቀጣጠል እንኳ አይባልም፣ አጨሱ። ባለሞተሩ ሲደርስ መንደሩ በሙሉ ሠርግ የደገሰ ይመስል ነበር።

ባለሙያው ምስክር የሚባል ትሑት ወጣት ነው።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ሰዉ የት አለ?»

«አለ እንጂ! ጭሱን አታይም እንዴ?»

«ጭሱንማ እያየሁ ነው። ያጣሁት የጭሱን ባለቤቶች ነው።»

«ዓይነ አፋር ናቸው የኔ ልጅ። እንግዳ ሲያዩ ይደበቃሉ።»

«ሁሉም?»

«ዘራችን ነው።»

ምስክር ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ዓሊማ ቤት ገባ። እትዬ ወርቂቱ ደጅ ቀሩ። አሁን ወጥቶ «ሰው የለም» ሊል ነው፤ ቦኖውም ሊቀር ነው።

ያላሰቡት ነገር ቢኖር ጭሱ ከአፋፉ ማዶም መታየቱን ነው። ለቀስተኛው ደግሞ ከእሳቸው በቀር ማንም ቤቱ እንደሌለ ጠንቅቆ ያውቃል። ሰው ከሌለበት ቤት ሁሉ ጭስ ከተነሣ ያው ቃጠሎ ነው!

መጀመሪያ ኡኡታው ተሰማ። ከዚያ ከአፋፉ ሥር ራስ ብቅ፣ ጀሪካን ብቅ፣ ደግሞ ራስ ብቅ ይል ጀመር። ምንጩ ጋ በእጃቸው የገባውን ዕቃ ሁሉ ሞልተው፣ ዳገቱን በሩጫ ወጥተውታል። ቀድሞ የደረሰው የዓሊማ ባል አሕመድኑር ነው። ከቤቱ በራፍ፣ ከጭሱ መሃል እያሳለ የሚወጣ ሰው ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ የያዘውን ባልዲ እንዳለ ደፋበት።

«አልሐምዱሊላህ! አንዱን አተረፍኩ!»

ምስክር ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ደርቆ ቀረ። ሰዉም የሚቃጠል ነገር እንደሌለ ሲገባው ወደ እትዬ ወርቂቱ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አሉ፤ እንባቸው መጣ። «ሰው ያለ እንዲመስል ብዬ ነው። ቦኖው እንዳይቀርብን ብዬ።»

ንጉሡ ሊቆጣ ጀምሮ ነበር፤ «ንቅንቅ እንዳይል» ሲል የሰነበተው ማን እንደሆነ ትዝ ሲለው ተወው።

ምስክር ወደ አፋፉ ተመለከተ። ሽማግሌዎቹ ጀሪካን እንዳዘሉ ገና እያለከለኩ ይወጣሉ።

«ይህን ውሃ ከዚያ ሥር ነው ያመጣችሁት?»

«ታዲያ ከየት?» አለች ዓሊማ። «ዛሬ ስለሮጥን ነው ቶሎ የደረስነው።»

ወጣቱ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «እንግዲህ ሰዉንም አየሁ፣ ውሃውንም ቀመስኩ። ቦኖው ይገባችኋል።»

ዓሊማ እልልታ ከጀመረች በኋላ ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላት ወደ ሳል ለወጠችው።

ሰዉ ወደ ለቅሶው ሊመለስ ተነሣ። ውሃውን ተሸክሞ ቁልቁል የሚወርድ ግን ማን አለ? ሁሉም የያዘውን እትዬ ወርቂቱ ደጅ አስቀመጠ። እንስራቸው ሞላ፣ ድስታቸው ሞላ፣ የዶሮዎቹ መጠጫ ሳይቀር ሞላ፤ የተረፈው ከነጀሪካኑ በግድግዳው ሥር ተደረደረ።

መንደሩ ዳግም ጭር ሲል እትዬ ወርቂቱ በራቸውን ዘጉ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ለነገ ሳይሰስቱ፣ ውሃውን ከአናታቸው ላይ አፈሰሱት። አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። እየተንቀጠቀጡ ብቻቸውን በሳቅ ፈረሱ።

«ውይ፣ ያ ምስኪን ልጅ!» አሉና ሌላ ጣሳ ሞልተው ደገሙ።