ዘንዶ የገደለችው አሮጊት

ልብስ ተኳሿ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው ከላውንደሪው የወጣችው። የሰው ሸሚዝ እንደያዘች መሆኗን ያወቀችው ላይብረሪው በር ላይ ስትደርስ ነው፤ አንዱ እጅጌው ተተኩሷል፣ ሌላው እንደተጨማደደ ነው። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችውና ገባች። የአሥራ አራት ዓመቷ የእህቷ ልጅ ከኋላ ቀሚሷን እየጎተተች ትከተላታለች።

"እትዬ፣ በቃ ተይው። እባክሽ እትዬ!"

"ምኑን ነው የምተወው? ስምሽን አይደል እንዴ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት!"

እውነቷን ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የልጅቷ ስም በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ ከሥሩ "ሳታነብ አንብቤያለሁ ያለች፤ ካርዷ ተይዟል" ይላል። ተኳሿ ማንበብ አትችልም፤ የምታውቀው የልብስ ቁጥር ብቻ ነው። ቢሆንም የልጅቷ ስም ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ቀይ ቀለም ደግሞ ለምን እንደሚጻፍበት ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይብረሪው ወሩን የወጣቶች የንባብ ወር ብሎት ነበር። መጽሐፎቹ ያው የልጆች ናቸው፤ ዘንዶ፣ አስማት፣ የሚናገር ዛፍ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ልጅ ድንገት ተነስታ ንግሥት የምትሆንበት። ለዚያ ወር ብቻ መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ ለሁሉም ተፈቀደ። አንብቦ የጨረሰ አንድ ገጽ ጽፎ ሲያመጣ ካርዱ ላይ ማኅተም ይመታለታል። ስምንት ማኅተም የሞላለት ዓመቱን ሙሉ እየወሰደ ያነባል፤ ያልሞላለት እዚያው ቁጭ ብሎ። ይቺ ልጅ ደግሞ እዚያ ቁጭ የምትልበት ጊዜ የላትም። ከትምህርት ቤት እንደወጣች እናቷ ከሥራ እስክትመለስ የምትቆየው ላውንደሪው ውስጥ ነው፤ የቆሸሸ አንሶላ ጥቅል ላይ ተቀምጣ።

እዚያ ታዲያ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ሦስት ሴቶች ይሰሟታል። አንዷ አክስቷ ተኳሿ ናት። ሁለተኛዋ አጣቢዋ ናት፤ ቶሎ ገንፍላ ቶሎ ስለምትበርድ "አረፋ" ይሏታል። ሦስተኛዋ አጣጣፊዋ፤ የሰው ምስጢር እንደ ፎጣ አጣጥፋ ታስቀምጣለች፣ ስትዘረጋው ግን ሰፈር ይለብሰዋል። ሦስቱም የመጽሐፉን ሰዎች እንደ ጎረቤት ነበር የሚያሟቸው።

"ያ ልዑል ተብዬ አልጣመኝም፤ ዓይኑ ይቅበዘበዛል" ትላለች አረፋ።

"መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑን የት አየሽው?"

"ከወሬው ያስታውቃላ!"

ከሁሉ የበለጠ የወደዷት ግን አንዲት አሮጊት ነበረች። ታሪኩ ሦስት መጽሐፍ ነው። ባለ አንድ ክንፍ ሆና የተወለደች ልጅ አለች፤ ያሳደገቻት የቤተ መንግሥቱን እሳት የምትጠብቅ፣ መዳፏ በቃጠሎ የተጠበሰ አሮጊት ናት። አፏ ለንጉሥ እንኳ አይመለስም። ተኳሿ የራሷን ክንድ፣ ካውያ የነካውን ጠባሳ ሁሉ እያየች "ይቺ የኛ ናት" ትል ነበር።

እና አሁን "አላነበበችም" ይባላል!

ላይብረሪው ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ወጣት መጽሐፍ ሲደረድር አገኘችው።

"አንተ ነህ ይቺን ልጅ ውሸታም ያልካት?"

"ቀስ ይበሉ እማማ፣ ሰው እያነበበ ነው።"

"እማማ? እማማ አንተን የወለደች ትባል! በል ንገረኝ፣ በምን አወቅህ? አጠገቧ ነበርክ? እኔ ግን ነበርኩ። ወሩን ሙሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ!"

ሁለት አንባቢዎች ቀና አሉ። ወጣቱ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ፤ ከመሳቢያው ልጅቷ የጻፈቻቸውን ሦስት ወረቀት አወጣ።

"እሺ፣ ከሰሙ ይንገሩኛ። ዘንዶውን ማን ገደለው?"

"እሳት ጠባቂዋ ናታ!" ተኳሿ ደረቷን ነፋች። "ፍም በሽርጧ ይዛ ጉሮሮው ውስጥ አልገለበጠችበትም? አረፋ እልል ብላ ሳሙናው ገንዳ ውስጥ የወደቀባት ቀን!"

ወጣቱ ወረቀቶቹን አስቀመጠ። "እሱን ነው የምልዎት። እሷም የጻፈችው ይሄንኑ ነው። አሮጊቷ ግን አንደኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሞታለች። ሞታ ተቀብራለች። ሦስተኛው ላይ ከመቃብር ተነስታ ነው ዘንዶ የምትገድለው?"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ማን ነው የሞተው?"

መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረደና ገልጦ አነበበላት። ማማው ይቃጠላል። አሮጊቷ ልጅቷን በመስኮት ታወጣትና እሷ እዚያው ትቀራለች። አንድ ገጽ አይሞላም።

ተኳሿ ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ ጫማዋን ታያለች።

"አንቺ… ምንድን ነው የሚለው ይሄ ሰውዬ?"

"እትዬ፣ አሮጊቷ ገና ስታስል አይደል ያለቀስሽው? ሸሚዝ አቃጠልሽ። አረፋም 'ይቺ ሴትዮ ብትሞት ሁለተኛ መጽሐፍ እንዳታመጪብን' አለች። እኔ… እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ አሻገርኳት። በመስኮቱ አብራ ወጣች አልኳችሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሁለተኛው ላይ የለችም። እናንተ ደግሞ በየቀኑ 'እሷስ የት ደረሰች?' ትሉኛላችሁ። መርከበኛው የሠራውን ለሷ ሰጠኋት። ሦስተኛው ላይ የልዑሉን።"

"ዘንዶውን ልዑሉ ነው የገደለው? ያ ቅብዝብዝ?" ተኳሿን ከአሮጊቷ ሞት ይልቅ ይሄ ሳያናድዳት አልቀረም።

"ቆይ" አለ ወጣቱ፣ "ለነሱ የፈለግሽውን አንብቢ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ለምን ጻፍሽው?"

ልጅቷ ቀና ብላ ተኳሿን አየቻት። መልሱ የገባት ተኳሿ ራሷ ናት። ላውንደሪው ውስጥ መስኮቱ ሥር ተዘርግቶ ሳይፈተሽ ከበር የሚወጣ ጨርቅ የለም፤ ካልሲም ቢሆን። ወረቀቱንም እንደዚያው አድርጋው ነበር። "ከዚህ ቤት ሳይፈተሽ የሚወጣ የለም፣ የጻፍሽውን ቆመሽ አንብቢልን" ብላ ስምንቱንም ወረቀት መስኮቱ ሥር ያስነበበቻት እሷ ናት። ልጅቷ እውነቱን ብትጽፍ፣ ሦስት ሴት ዓይን ዓይኗን እያየቻት ሌላ ማንበብ ያቅታትና እዚያው ትያዛለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና ወደ ወጣቱ ዞረች።

"ጠይቃት።"

"ምን ልጠይቃት?"

"አሮጊቷ ስትሞት ያለችውን። አንብባ እንደሆነ ታውቀዋለች።"

ልጅቷ መጽሐፉን ሳታይ፣ "'ሂጂ። እኔ እሳት ለምጃለሁ' ነው ያለቻት" አለች።

ወጣቱ ገጹን አየ። ቃል በቃል ነው።

"አነበበች ወይስ አላነበበችም?" አለች ተኳሿ።

"አንብባለች። ግን የውሸት ወረቀት…"

"ወረቀቱን ተወው፣ ግድግዳው ላይ ያለው 'ሳታነብ' ነው የሚለው! እኔ ሸሚዝ ሳቃጥል አቃጠልኩ ነው የሚባለው፤ ሰረቀች ተብሎ አይሰቀልም። የሠራችውን ጻፍባት፤ ያልሠራችውን አውርድ!"

አንዱ አንባቢ "ልክ ናት" አለ ከጥግ። ወጣቱ ጆሮው ቀላ፤ ሄዶ ማስታወቂያውን ነቀለው። ሲመለስ ግን ደንብ ደንብ ነው አለ፤ ሦስቱን ወረቀት በትክክል ጽፋ እስክታመጣ ካርዷ አይለቀቅም።

"መጽሐፉ ሳይሰጣት?"

"ያለ ካርድ መውሰድ አይቻልም።"

"እንግዲያው ለእኔ ካርድ አውጣልኝ።"

"ማንበብ ይችላሉ?"

"ደንብህ ላይ ማንበብ የሚችል ይላል?"

ወጣቱ ደንቡን አወጣና ከላይ እስከ ታች አየው። የሰፈሩ ነዋሪ የሆነ ነው የሚለው። ስሟን ጻፈ፣ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት፣ አንደኛውን መጽሐፍ ሰጣት።

መንገድ ላይ ልጅቷ "ተቆጣሽኝ?" አለቻት።

"እንዴት አልቆጣ! እናቴን ቀብሬያለሁ። ባሌን ቀብሬ በሦስተኛው ቀን ካውያ ይዣለሁ። አሁን አንቺ ቁጭ ብለሽ ይሄን ትችላለች፣ ይሄን አትችልም እያልሽ ትመርጪልኛለሽ? ሕፃን ነኝ?"

"እንዳታዝኚ ብዬ ነው።"

"ባዝንስ! የራሴ ሐዘን አይደል?" ትንሽ ሄዱና፣ "ደግሞ ፍሙን በሽርጥ ማን አስተማረሽ?" አለች።

"እኔው ነኝ ያመጣሁት።"

"ሌባ" አለች ተኳሿ። ሳቋን ግን በሸሚዙ ሸፈነችው።

ላውንደሪው ሲደርሱ አረፋና አጣጣፊዋ ሥራቸውን ትተው በር ላይ ቆመዋል።

"እሺ፣ ነቀላችሁት? ልክ ልኩን ነገርሽው?"

"ነገርኩት። ግቡ።"

"ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተ እንዴ?"

ተኳሿ የልጅቷን ዓይን አየች። ዓይኗ "እንዳትነግሪያቸው" ይላል፤ ይለምናል። ለእነሱ እንኳ አሮጊቷ ትኑርላቸው ነው ነገሩ። ተኳሿም ለአንድ አፍታ አሰበችው፤ አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ከዚያ መጽሐፉን ከብብቷ አውጥታ ልጅቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

"ማሽኑን አጥፊው" አለቻት ለአረፋ። "ተቀመጡ ሁለታችሁም።"

"ከየት ልጀምር?" አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ።

"ከምትሞትበት።"