በፍስክ ቀን የጾመ ሰው

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የሠርከአዲስ ጉድ ግን መስከረም ከጠባ በኋላ፣ በጉ ተገፎ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ገበታው ቀርቦ ካበቃ በኋላ መጣ።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ጾም የለ፣ ምን የለ። ወታደሩ ጎባ ላይ ከሰፈረ ስድስት ዓመቱ ሲሆን፣ የዚያን ዕለት ከየጎጆው የቅቤ ሽታ ይወጣ ነበር። ባሏ ተሰማ ከብድሬ ዘመቻ ከተመለሰ ገና አሥር ቀኑ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ቅቤ አንጥራ ወጡ ላይ ገልብጣለታለች። እጁን አስታጠበችው፤ ጸለየ፤ ወጡን አየ፤ ከዚያ በቀስታ ወደ እሷ ገፋው።

«ሠርኬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ አልበላም።»

«ምን?»

«ሥጋም፣ ቅቤም፣ ወተትም፣ ዕንቁላልም። ዘመኑ አዲስ ነው፤ እንዲህ ሆኜ ልጀምረው ቆርጫለሁ። ሽሮ ካለ በውሃ አብስዪልኝ። ከሌለ ቆሎም ይበቃኛል።»

«እስከ መቼ?»

«እስክሞት።»

በሉ እንግዲህ! ይህ የሚናገረው ተሰማ ነው። የፋሲካ ለት ቄሱ ቅዳሴውን ሳይጨርሱ በሐሳቡ ብርንዶ የሚቆርጠው ተሰማ! ሠርከአዲስ መጀመሪያ ያመመው መስሏት ግንባሩን ዳሰሰች። ደህና ነው። ቀጥሎ «መርዝ ጨምራብኛለች ብሎ ይሆን?» ስትል አሰበችና ፊቱ ተቀምጣ አንድ ጉርሻ በላች። እሱ ግን «ብዪ፣ ብዪ፣ ለአንቺ ይጣፍጥሽ» አላትና ቆሎውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ።

በማግስቱ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ለተሰማ ቀኖና ሰጥተውት ነው? ሥጋና ቅቤ እንዳይበላ?»

አባ ኃይለመስቀል ጢማቸውን ይዘው አዩዋት። «እኔ? በእንቁጣጣሽ? ባልሽ ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ለንስሐም አልመጣም። ለምን ጠየቅሽኝ ልጄ?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው የሚጠየቅ ነገር አይደለም» አሉ፤ ስትወጣም በዓይናቸው እስከ በሩ ሸኟት።

ነገሩን የሚፈታላት ስታጣ ለጎረቤቷ ለፈለቀች ነገረቻት። ወይ አለመታደል! ለፈለቀች ከመንገር ነጋሪት ማስጎሰም ይሻል ነበር።

«እታለም» አለች ፈለቀች ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ፣ «ሞኝ ነሽ ልበል? ወንድ ልጅ በክርስቲያን እጅ የታረደ አልበላም ካለ ሌላ ባራኪ አግኝቷል ማለት ነው። ሰልሟል። ብድሬ ላይም ሴት አስቀምጧል። የኛን እዚህ ይተዋል፣ የእነሱን እዚያ ይበላል።»

ሠርከአዲስ ሳቀችባት። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ ጠፋ። በዚያ ዘመን ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይቀምስም፤ እስላሙም የክርስቲያን አይቀምስም። የሰው ሃይማኖት የሚታወቀው በአንገቱ ማተብ ብቻ አይደለም፤ በሚበላው ሥጋም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ባሏ የሚያደርገው ሁሉ ሌላ ሌላ ይመስላት ጀመር። እግሩን ሲታጠብ ለስግደት ነው። ከባላገሩ ጋር በኦሮምኛ ሲጫወት ከአማቾቹ ጋር ነው። ረቡዕ ወደ ሮቤ ገበያ ሲወርድ ብድሬ ያለችው ሴት መልእክት ልካለት ነው። የጠረጠረ ሰው ምን ያጣል!

ፈራች። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራች። ተሰማ ሰልሞ ከሆነ ሻለቃው ማደሪያ ብሎ የሰጠውን የወንዝ ዳር መሬት ይነጥቀዋል። መሬቱስ ይቅር፤ እሷ የማን ትሆናለች? ከተጉለት ወር ከአሥራ አምስት ቀን በእግሯ ተከትላው የመጣች ሴት ናት። እናቷ ሞታለች። እግዜር ልጅ አልሰጣትም። ሳነቴ ተራራ በረዶ በሚልክበት በዚህ ብርድ አገር ከተሰማ በቀር ዘመድ የላትም።

«ፈትኚው» አለቻት ፈለቀች። «የእስላም ሥጋ ፈልጊና ሠርተሽ አቅርቢለት። ከእነማን ቤት እንደመጣም ንገሪው። ከበላ ታወቀ፤ ካልበላም ልብሽ ያርፋል። እኔ እዚያው ሆኜ ምስክር እሆንሻለሁ።»

ምስክር! የፈለቀች ባል ኃይለየሱስ ያንን የወንዝ ዳር መሬት ሲመኝ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሠርከአዲስም ይህን ታውቃለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እሷ ግን ጥርጣሬዋን ሁሉ ባሏ ላይ አውጥታ ስለጨረሰች ለፈለቀች የሚተርፍ አልነበራትም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ማለዳ ቅቤ የምታመጣላትን አዴ ሩቂያን ፍለጋ ወረደች። አዴ ሩቂያ ቤት በዋዜማው እንግዳ መጥቶ ወጠጤ ታርዷል።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ሩቂያ?»

«ናጋ። ቅቤ ዛሬ የለም።»

«ቅቤ አይደለም የፈለግሁት። ትንሽ ሥጋ ነው።»

አዴ ሩቂያ የያዘችውን ቅል አስቀመጠች። «አንቺ የነፍጠኛ ሚስት፣ የኛን ሥጋ ምን ልታደርጊው? ነገ ‹ክርስቲያን አበላች› ብለሽ ልታሳስሪኝ ነው?»

«ኧረ በማርያም! ለድመቴ ነው።»

«ድመትሽ አይጥ አልቆበት ነው?» አለችና ለረጅም ጊዜ አየቻት። ቢሆንም የነፍጠኛ ሚስት ለምና «የለም» ማለትም ያስፈራል። አንድ ሙዳ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት። «ድመትሽን ሰላም በዪልኝ» አለቻት፤ ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ፈለቀች ቀድማ መጥታ መደቡ ላይ ጉብ ብላለች። ሠርከአዲስ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ በርበሬውን ጨመረች፣ ሥጋውን ከትፋ ከተተች። ተሰማ ከእርሻ የሚመለስበት ሰዓት ደርሷል። ቢበላስ? በልቶ በልቶ ቢጨርሰውስ? ወጡ ተንተከተከ። ሠርከአዲስም ከልጅነቷ ጀምሮ በየቀኑ እንደምታደርገው፣ በማማሰያው ጠብ አድርጋ መዳፏ ላይ፣ ላስ አደረገችው።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ከዚያ ደርቃ ቀረች።

«ዋጥሽው?» አለች ፈለቀች።

«አልዋጥኩም።»

«ዋጥሽው እንጂ! ጉሮሮሽ ሲወርድ አየሁት!»

ሠርከአዲስ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ብትከት፣ ብትል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ፈለቀች በበሩ በኩል «አይዞሽ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ተሰማ ሲመጣ ጎመኑ መሃል ተንበርክካ አገኛት። የዋሸችው ነገር የለም፤ የፈለቀችን፣ የአዴ ሩቂያን፣ የድመቱን፣ የጨውን፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«ሰልሟል ብለሽ ነው?» አላት።

«ታዲያ ምን ልበል? ምን ነገርከኝ? አፍህን ዘግተህ ቆሎ ትቆረጥማለህ!»

ተሰማ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ብድሬ ላይ ከብት ዘረፍን። ላሞቹን ስንነዳ ጥጆቹን በረት ውስጥ ትተን ነው። አንዲት ሴት ጥጃዋን ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ሦስት ቀን ተከተለችን። ‹ላሜን መልሱልኝ› እንኳ አላለችም። ‹አንዴ ትጥባትና እመለሳለሁ› ነው የምትለው። ላሚቱም እየዞረች ትጮኻለች፣ አልነዳ ትላለች። በሦስተኛው ቀን ሻለቃ ደምመላሽ ‹ይህች ላም አዘገየችን፣ እረዳት› አለኝ። አረድኳት። ሴትዮዋ ቆማ ታያለች። ርቦኝ ነበር፣ በላሁ። ጣፈጠኝ ሠርኬ። የማይወጣልኝ እሱ ነው። ሴትዮዋ እያየችኝ ጣፈጠኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለጓደኞቼ እንዳልናገር ለጥጃ የሚያለቅስ ወታደር ይሉኛል። ለአንቺ ደግሞ አፈርኩ።»

ሠርከአዲስ ሌላ ሴት አለመኖሯን ስትሰማ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች። ወጡን አውጥታ ቀበረችው። «ሰኞ አባ ዘንድ ሄጄ እናዘዛለሁ» አለች። ሰኞ ግን ሩቅ ነበር። ፈለቀች የምትኖረው ቅርብ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ዳቦ ሲታደል አባ ኃይለመስቀል መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

«በተሰማ ቤት የእስላም ሥጋ ተበስሏል የሚል ወሬ ደርሶኛል። እውነት ነው?»

ሁሉም ዞሮ ያየው ተሰማን ነው። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ሥጋ ያልበላውን ሰው እንጂ ማንን ያያል?

«የበላው ማነው?» አሉ አባ።

ሠርከአዲስ ፈለቀችን አየቻት። ፈለቀች መሬት መሬቱን ታያለች። ማን እንደላሰ በዓይኗ አይታለች፤ ግን ትንፍሽ አላለችም። አጠገቧ ኃይለየሱስ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ያኔ ነገሩ ሁሉ ለሠርከአዲስ ወለል ብሎ ታያት። አፏን ሳትከፍት ግን ተሰማ ተነሣ።

«እኔ ነኝ አባ» አለ።

ሕዝቡ ተንጫጫ። ሻለቃ ደምመላሽ ከተቀመጠበት ራሱን ነቀነቀ። «ጠርጥሬ ነበር። ከብድሬ ጀምሮ ዓይንህ አላማረኝም። ክርስትናውን የጣለ ወታደር የኔን መሬት አያርስም።»

ዝም ብትል እሷን የሚነካት የለም። የከዳት ባል ሚስት ተብላ ይታዘንላት ነበር፤ ፈለቀችም እያባበለች ታስለቅሳት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው፤ ሰሞኑን ሁሉ የፈራችውን ነገር በገዛ እጇ ሠርታ አቀረበችው። ቱግ አለች።

«ውሸቱን ነው! የበላሁት እኔ ነኝ! እሱ አልቀመሰውም፤ ወጡን እኔው ቀበርኩት። ፈለቀች አጠገቤ ነበረች፣ በታቦቱ ፊት ትናገር!»

አባ መስቀሉን ወደ ፈለቀች አዞሩ። ፈለቀች ተንተባተበች፣ ባሏን አየች፣ በመጨረሻ «ወጡን ስትልስ አይቻለሁ» አለች።

ባሏ በክርኑ ጎሸማት።

አባ ኃይለመስቀል ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው ልጄ፣ ዓመት ሙሉ ሥጋና ቅቤ አትቅመሺ። የሚያነጻሽ መጽሐፈ ቄድር ተነቦልሽ ጠበል እስክትረጪ ድረስም ማንም ከአንቺ ጋር ከአንድ እንጀራ አይቁረስ።»

ሻለቃውም አከለበት። «ከእሷ ጋር የቆረሰ እንደ እሷ ይቆጠራል። ተሰማ፣ ላንተ መናገሬ ነው። እስክትነጻ ወደ ሌላ ቤት ውጣላት፤ መሬትህ ይጸናልሃል።»

አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ፈቀቅ አሉ። ሠርከአዲስ ብቻዋን ቀረች። ቀና ብላ ተሰማን ማየት አቃታት። ቢሄድ አትፈርድበትም፤ ስንት ቀን ስታማው ሰነበተች እኮ።

ተሰማ የደረሰውን ዳቦ ይዞ መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ። ቆረሰ። ወደ አፏ ዘረጋ።

«ተው» አለችው በሹክሹክታ። «መሬቱ።»

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ሁሉም እያየ ነው ተሰማ። ይነጥቁሃል።»

«አውቃለሁ። እጄ ደከመ፣ ክፈቺ።»

ከፈተች። ሻለቃ ደምመላሽ ወደ ኃይለየሱስ ዞሮ «ነገ ጠዋት መሬቱን ተረከብ» ሲል በጆሮዋ ሰማች፤ እንባዋ እየወረደ ዳቦውን ገና እያኘከች ነበር።