የኻሊቅ ፌረን ሲጨስ

በረዶ ሲጥል ጎብኚው ሁሉ ይጠፋል። ያኔ ከተራራው ሥር ያለው የሕዝብ አትክልት ቦታ ለሱባን ይቀርለታል። ትልልቆቹ የቺናር ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው በረዶ ተሸክመው ይቆማሉ፤ የቦዩ ዳር መስታወት ይመስላል፤ ወፍ ከቅርንጫፍ በተነሣች ቁጥር ብናኙ ፊቱ ላይ ይረግፋል። እዚህ ማንም ሰው ሌላውን ከፍ ዝቅ አድርጎ አያስቀምጥም። ሱባን እጁን ከእጅጌው አውጥቶ ረጅሙ የሱፍ ካባው፣ ፌረኑ ውስጥ ይከታል፤ ካንግሪውን፣ ያቺን በቅርጫት የተሸፈነች የፍም ማሰሮ፣ ሆዱ ላይ አቅፎ ይዞራል። ደስታው ይኸው ነው።

ይህን ደስታ የሚያበላሽበት የሚስቱ ወንድም ኻሊቅ ነበር። እሱም በየማለዳው ይመጣል። በልጁ ሠርግ ላይ፣ አራት አራት ሰው ለአንድ ትሪ ሲቀመጥ፣ ሱባንን ከሾፌሮቹ ጋር አስቀመጠው። የገዛ እህቱን ባል! ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ቀድሞ የተነፈሰ ተሸናፊ ነው።

ዛሬም ኻሊቅ እያስነጠሰ ከፊቱ ይሄዳል። ከአንገትጌው ጭስ ይወጣል። ምንም አይደለም፣ ካንግሪ የያዘ ሁሉ ይጨሳል። ነፋሱ ሲዞር ግን ሌላ ሽታ መጣ። የከሰል አይደለም፤ የሱፍ ነው። ሱባን አተኩሮ አየ። በኻሊቅ ጎን ፌረኑ ጠቁሯል፣ የጥቁሩ ዳር ይቀላል።

ይበለው! ሾፌሮቹን ይጥራ።

ኻሊቅ ቆም ብሎ ወደ ቅርንጫፍ አንጋጠጠ፤ ወፍ ያያል። አፍንጫው በጉንፋን ተዘግቷል። ቅላቱ ሰፋ። ሱባን ዞሮ ሊሄድ ሲል ሚስቱ ትዝ አለችው። በየቀኑ ሲገባ፣ «ወንድሜን አየኸው?» ትለዋለች። ዛሬ ምን ይበላት?

«አንተ! ትጨሳለህ!»

ኻሊቅ ሳይዞር ሳቀ። «የሚጨሰውስ ያንተ ሆድ ነው! እስካሁን ከዚያች ትሪ አልተነሣህም?»

ያኔ እሳቱ ቦግ አለ። ኻሊቅ ጮኸ፤ እጆቹ ፌረኑ ውስጥ ናቸው፣ ባዶ እጅጌዎቹ ብቻ ተወራጩ። ሱባን የራሱን ካንግሪ ወርውሮ ሮጠ፣ ገፍቶ በረዶው ላይ ጣለው፣ በመዳፉ በረዶ እየዛቀ ጎኑ ላይ ከመረበት።

«ገደለኝ! ኧረ ሰው! ይሄ ቂመኛ ገደለኝ!»

ጭሱ ሲጠፋ ኻሊቅ እሳት የበላውን ፌረኑንና የቀላ ጭኑን አየ። በረዶውን ከላዩ እያራገፈ፣

«ቀድመህ የተናገርከው ግን አንተ ነህ» አለ።

«ልትቃጠል ነበር'ኮ!»

«ቢሆንም ቀድመሃል።»

ሱባን እጁን አየ። መዳፉ ውኃ ቋጥሯል። የእሱ ካንግሪ ድንጋይ ላይ ተሰብሮ ፍሙ በረዶው ውስጥ ቸስ ቸስ ይላል። ብርዱ አንገቱ ሥር ገባ። መንገዱን ጀመረ።

«ወዴት ነው? ጥለኸኝ ልትሄድ? አንሣኝ እንጂ!»

ተመልሶ በደህና እጁ ጎትቶ አነሣው። ኻሊቅ ጎንበስ ብሎ ሲወድቅ ያመለጠውን የራሱን ካንግሪ ከበረዶው ላይ አነሣ፤ ከሥሩ ትንሽ ፍም ቀርቶታል። ለሱባን ዘረጋለት።

«እንካ ያዝ። እኔ ለዛሬ የሚበቃኝን ሞቄአለሁ።»

ሱባን ተቀብሎ ፌረኑ ውስጥ ከተተው። አመሰግናለሁ አላለም። ኻሊቅም አላለም። ይህን ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚለው እየተጠባበቁ ጎን ለጎን ወደ በሩ ሄዱ።