የደጃፉ በረዶ

ኖርማን ሬይን መሰላሉን ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሲያወርድ የብረቱ ቅዝቃዜ ጓንቱን አልፎ መዳፉን ነከሰው። ወሩ ጥር ነው። ኮንሴት ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ሸለቆው ውስጥ ዝናብ የሆነው ሁሉ እዚህ ሲደርስ በረዶ ይሆናል። ባልዲው ውስጥ ትንሽ አልኮል ጠብ አደረገ። ያለዚያ ውሃው ገና መስታወቱ ላይ እያለ ይረጋና የመስኮት መጥረጊያው ጎማ አልሄድ ይላል።

የሰው መስኮት መወልወል ከጀመረ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ሰዎች መስኮት ወልዋይ ሲመጣባቸው መጀመሪያ ሰሞን ፈገግ ይላሉ፤ የተዝረከረከውን ይሰበስባሉ። ዓመት ሲያልፍ ግን እንደ ደመና ይቆጥሩታል። ባልና ሚስት ዓይኑ እያየ ይጣላሉ። አንዷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ኖርማን ጎማውን ከላይ ወደ ታች ስቦ፣ ጠርዙን በጨርቅ አድርቆ ይወርዳል።

ወይዘሮ ሂንድማርሽ ብቻ እንዲህ አልነበሩም። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ቆመው ጣታቸውን ይቀስራሉ፤ «እዚህ ጋ ኖርማን! ዓይንህን እቤት ረስተኸው መጣህ?» እሱ ይወለውላል። ጣታቸው ምንም ወደሌለበት ቦታ ይሄዳል፤ እሱም ምንም የሌለበትን ይወለውላል። በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰው በስሙ የሚጠራው እዚህ ቤት ነበር። ሌላ ቦታ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ማንም ሳይጠራው ያልፋል።

ዛሬ ከመስታወቱ ወዲያ ማንም የለም። ባልዲውን ሲያስቀምጥ በሩ ተከፈተና ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ካፖርቷን እንደለበሰች ብቅ አለች። የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር እንደ አምባር ክንዷ ላይ አጥልቃለች።

«መስኮት የሚወለውሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ኖርማን እባላለሁ። ወይዘሮ ሂንድማርሽ ደህና ናቸው?»

«ልጃቸው ነኝ፣ ጊሊያን። ከሊድስ ነው የመጣሁት። እማዬ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ዳሌዋም እንዳለ በልዟል።»

«መቼ?»

«ዛሬ አራት ሳምንቷ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ልታወጣ ስትል፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ። ራሷን አዙሯት ነው።»

«አዙሯቸው?»

«እሷ ናት ያለችው። ምኑንም አታስታውስም። ‹ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ሰማይ አየሁ› ነው የምትለው። ሐኪሞቹ መርምረው ምንም አላገኙባትም። ግን በዚህ ዕድሜ ምክንያት ይጠፋል እንዴ? ብቻዋን መኖር እዚህ ላይ አበቃ። እኔ ዘንድ አቅራቢያ የአረጋውያን መኖሪያ አግኝቼላታለሁ። ነገ ቤቱን ለሽያጭ ፎቶ ሊያነሱ ይመጣሉ፤ እባክዎ ለመጨረሻ ጊዜ አሳምረው ይወልውሉልኝ።»

ተመልሳ ገባች። ኖርማን እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ሲያይ ቆየ።

በብርድ ወራት የወልዋይ ሥራ መስታወቱ ሲደርቅ አያልቅም። ከመስኮቱ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሥር ያለውን ድንጋይ ያርሳል። ያቺ ጠብታ አልኮል ለመስታወቱ ብትበቃም ድንጋይ ላይ ለተኛ ውሃ አትበቃም፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይን የማያየው ስስ በረዶ ይሠራል። ስለዚህ መሰላሉ ከመነሳቱ በፊት ደጃፉ ላይ በረዶ የሚያቀልጥ እፍኝ ጨው ይበተናል። ያን ማክሰኞ ኖርማን ጣቶቹ ደንዝዘው የራሱ አልመስል ብለውት ነበር። ዕቃውን ጭኖ መኪናው ውስጥ ገባ፤ እጁን ሞቃት አየር የሚነፋው ቀዳዳ ላይ ዘርግቶ ሕመሙ እስኪያልፍ ጠበቀና ሞተሩን አስነሳ። ጨው እንዳልበተነ ትዝ ያለው መንገዱ ጫፍ ሲደርስ ነው። ፍሬን ያዘ። ቀትር ላይ ፀሐይ ታገኘዋለች፣ እሳቸውም በጠዋት አይወጡም፣ እጄም ገና መሞቁ ነው፣ ብሎ አሰበ። እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። ያን ቀን ፀሐይ ከደመና አልወጣችም።

ዛሬ የፊት ለፊቱን መስኮቶች ወለወለ፤ ድንጋዩ ነጭ እስኪሆን ጨው በተነበት። ከዚያ መሰላሉን ወደ ጓሮ አዞረ። የመኝታ ቤቱ አልጋ ተገፎ ፍራሹ ብቻ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ስዕሎቹ የነበሩባቸው ቦታዎች ከቀረው ቀለም ነጣ ብለው ይታያሉ። ወርዶ የወጥ ቤቱን መስኮት ሲጀምር ወይዘሮ ሂንድማርሽን አያቸው።

ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮው ሳያስቸግራቸው አልቀረም፤ ሊያጠፉት ተነሱ። ከወንበሩ እስከ ሬዲዮው አራት እርምጃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ በደህና እጃቸው ጠረጴዛውን ያዙ። ቀጥሎ የሌላ ወንበር መደገፊያ። ቀጥሎ ግድግዳውን። እያንዳንዷን እርምጃ ከመራመዳቸው በፊት አጎንብሰው እግራቸውን ያዩታል፣ እንደማያምኑት ሰው። አምና ወንበር ላይ ወጥተው መጋረጃ ሲሰቅሉ አይቶ ቢጮህባቸው «አንተ በመሰላል ስትወጣ እኔ ጮሄብሃለሁ?» ያሉት ሴትዮ ናቸው። ሬዲዮው ጋ ደርሰው ሳያጠፉት ግንባራቸውን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፈው ቆሙ። እሱን አላዩትም።

ዕቃውን ጭኖ ቢሄድ የሚያውቅ የለም። ያ በረዶ ከቀለጠ ወር ሊሞላው ነው። ቢናገር ግን በዚህ መንገድ ላይ የያዛቸውን አሥራ አንድ ቤቶች ወሬው ያዳርሳቸዋል። እሳቸውም ስሙን አይጠሩትም። እዚያው ቆሞ ይህን ሁሉ አሰበ። በእጁ የያዘው ጨርቅ ረግቶ እንደ ካርቶን ደረቀ።

የወጥ ቤቱን በር አንኳኳ። ጊሊያን ከፈተችለት፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህን በጋዜጣ ስትጠቀልል ነበር።

«ጨረሱ?»

«አልጨረስኩም።» ቆቡን አወለቀ። «ወይዘሮ ሂንድማርሽ፣ ራስዎን አላዞረዎትም።»

አሮጊቷ ዞሩ። «ምን አልክ?»

«በረዶ ነው ያንሸራተተዎት። ውሃው የእኔ ነው። ያን ዕለት ጨው ሳልበትን ሄድኩ።»

ጊሊያን የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ረስተህ ነው?» አለችው። አንቱታው ቀርቷል።

አዎ ቢል ይበቃ ነበር። «መጀመሪያ ረስቼ ነበር። መንገዱ ጫፍ ስደርስ ግን አስታወስኩ። አልተመለስኩም።»

«ለምን?»

«እጄ በርዶኝ ነበር።»

«እጅህ! አርባ ደቂቃ ድንጋይ ላይ ተጋድማለች፣ ታውቃለህ? ጎረቤት ስታገኛት ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር! ምን ዓይነት ሰው ነህ? እናት የለህም አንተ?»

«የለኝም» አለ ኖርማን። መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ እንዳልነበረ የገባው ከመለሰ በኋላ ነው።

«ጊሊያን፣ ዝም በይ እስቲ!» ወይዘሮ ሂንድማርሽ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም። «ድገምልኝ። እግሬ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ራሴስ?»

«ራስዎም። እዚያ ድንጋይ ላይ እኔም ብቆም እወድቅ ነበር።»

እጃቸውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አነሱ። ጊሊያን ልትደግፋቸው ተንደረደረች።

«እንዳትነኪኝ!»

አንድ እርምጃ ሄዱ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ተንገዳገዱ። ወደ ታች ሳያዩ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ደረሱና ዞሩ። ፊታቸው ቀልቷል።

«አራት ሳምንት የገዛ ቤቴን ወለል ስፈራ ከረምኩ። እሷ ‹እማዬ እንዳትነሺ› ትለኛለች፣ እኔ እሺ እላለሁ። እኔ! አባትሽን እንኳ ‹እሺ› ያልኩት በጋብቻችን ቀን ብቻ ነው።»

«እማዬ፣ በረዶም ይሁን ምንም፣ ዕድሜሽ ያው ነው። ይሄ ነገር ምንም አይለውጥም።»

«ሳህኖቼን ከጋዜጣው አውጪያቸው።»

«እማዬ…»

«አውጪያቸው አልኩሽ። ለፎቶ አንሺዎቹም ደውይላቸው፤ የሌላ ሰው ቤት ይፈልጉ።»

ጊሊያን እናቷን አየች፣ ኖርማንን አየች። ቀስ ብላ ከጠቀለለቻቸው ሳህኖች አንዱን አነሳች፤ ጋዜጣውን ስትገፍ የወረቀቱ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ወይዘሮ ሂንድማርሽ ወደ ኖርማን ቀረቡ። በመካከላቸው መስታወት ሳይኖር እንዲህ ቀርቧቸው አያውቅም። ካሰበው በላይ አጭር ናቸው።

«ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አሉት። «ሌላ ሰው ቢሆን አይናገርም ነበር።»

«የቀሩትን መስኮቶች ልጨርስልዎ?»

«አይ። ሂድ ኖርማን። ሌላ ጊዜም አትምጣ። ክፋት ይዞኝ አይደለም። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ሰማይ ነው የሚታየኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቆቡን አደረገ፣ ባልዲውን ጓሮው ጥግ ያለው ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ደፋ፣ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ በጎን በኩል ወጣ።

በሳምንቱ ከአሥራ አንዱ ቤቶች ስምንቱ ሥራውን አቋረጡበት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። አንዷ መስኮቱን ራሷ ልትወለውለው እንዳሰበች ነገረችው፤ ሌላው እስከ ፀደይ ይቆይ አለው። ከስምንቱ የተቀሩት በሩን አልከፈቱም። የቀሩትን ሦስቱን ቤቶች ለሌላ ሠራተኛ ሰጠና በዚያ መንገድ መሄዱን ተወ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይኖረው ይነቃ ጀመር፤ ሻይ አፍልቶ ቁሞ ይጠጣል፣ ከዚያ ሊሄድበት የሚችል ሌላ ቦታ ያስባል።

መጋቢት ላይ ዋናው መንገድ የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ሰው ሊሻገር ስለነበር መኪናውን አቆመ። ወይዘሮ ሂንድማርሽ ነበሩ። ጄሶው ተነስቶላቸዋል። በአንድ እጃቸው የገበያ ከረጢት ይዘዋል፤ ሌላው ባዶ ነው። ከመኪናው አፍንጫ ፊት ለፊት፣ ሳይቸኩሉ፣ ቀና ብለው አለፉ። መሃል ላይ ሲደርሱ፣ እዚያ አገር ላቆመላቸው ሹፌር ሁሉ እንደሚደረገው፣ ማን እንደሆነ ሳያዩ እጃቸውን ከፍ አደረጉለት።

ኖርማንም እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። እሳቸው ግን ተሻግረው ነበር።